ቻው፦ የአንድ ሕዝብ ስም እንዴት ስንብት ሆነ

ነገሩ የሚጀምረው ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቁስጥንጥንያ ተቀምጦ ይገዛ የነበረውን ዮስጢንያኖስን፣ ወንዙን እየተሻገሩ ግዛቱን የሚወሩ አዲስ ሰዎች እንቅልፍ ነስተውት ነበር። የንጉሡን ጦርነቶች ታሪክ የጻፈው ፕሮኮፒዩስ እነዚህን ሰዎች «ስክላቬኖይ» ይላቸዋል። በ551 ገደማ በላቲን የጻፈው ዮርዳኔስም «ስክላቬኒ» ብሎ መዝግቧቸዋል።

ሰዎቹ፣ ዛሬ ስላቮች የምንላቸው፣ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን እንዲህ አልነበረም። «ስሎቬኔ» ነን ነበር የሚሉት። ስሙን «ስሎቮ» ከሚለው ቃላቸው ጋር የሚያያይዙ የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። «ስሎቮ» ማለት ራሱ «ቃል» ማለት ነው፤ እንግዲህ ስሎቬኔ ማለት ቃል ያላቸው፣ እርስ በርስ የሚግባቡ እንደ ማለት ነው። የማይግባቧቸውን ጀርመኖች ደግሞ «ዲዳ» ከሚለው ቃል አውጥተው «ኔምጺ» አሏቸው። ይኸው ስም በዐረብኛ በኩል ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል፦ የድሮው አማርኛ ኦስትሪያን «ነምሳ» ይላት ነበር።

አሁን ወደ አንዲት ፊደል እንጠጋ። በግሪክኛ «ስል» ብሎ የሚጀምር ቃል የለም። ስለዚህ የግሪኮች ምላስ «ስ» እና «ል» ሲጋጠሙበት እንዳይደናቀፍ መካከላቸው አንዲት «ክ» ሸጎጠ። «ስሎቬኔ» የነበረው «ስክላቬኖይ» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህችን «ክ» አንባቢ በልቡ ይያዛት። የስላቮች አይደለችም፣ ባለቤቶቹ አያውቋትም፤ ነገር ግን ከሁሉም ፊደላት ረጅም ዕድሜ የኖረችው እሷ ናት።

በምዕራብ አውሮፓ ስሙ አጠር ብሎ «ስክላቩስ» ሆነ። እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ ስላቭ የሆነ ሰው፤ ሌላ የለውም። በሮማውያን ዘመን ባሪያ የሚባለው «ሴርቩስ» ነበር። ሴርቩስ ግን ከዘመን ጋር ተለወጠ። ሮም ወድቃ የመሬት ሥርዓቱ ሲለወጥ ቃሉ ከርስቱ ጋር የተጣበቀ፣ ለባላባቱ የሚገብርና የሚያርስ ገበሬ መጠሪያ ሆነ። እንዲህ ያለው ሰው መሬቱ ሲሸጥ አብሮ ይተላለፍ እንጂ ብቻውን ተጎትቶ ገበያ አይወጣም። በሰንሰለት ታስሮ ለሚነዳው፣ ለሚሸጥ ለሚለወጠው ሰው ሌላ ቃል አስፈለገ።

ቃሉን ጦርነቱ አመጣው። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ነገሥታት፣ በተለይም በ962 የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፋው ቀዳማዊ ኦቶ፣ ከኤልበ ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉትን ስላቮች ደጋግመው ወጉ። ስላቮቹ ገና ክርስቲያን አልሆኑም፤ ስለዚህ ማርኮ መሸጡ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ብዙ አያስነቅፍም ነበር። ገበያው በእነሱ ተጥለቀለቀ። ነጋዴው «ስንት ስክላቩስ አለህ?» ሲል የሰውየውን አገር መጠየቁ ይሁን የሰውየውን ዕጣ ለመለየት አስቸጋሪ እየሆነ ሄደ፤ በመጨረሻም ልዩነቱ ጠፋ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በምዕራብ ኤርትራ የሚኖሩት ናራዎች ለረጅም ዘመን በጎረቤቶቻቸው ዘንድ «ባሪያ» እየተባሉ ኖረዋል። ይህ ስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የሕዝብ ስም ሆኖ ተቀርጿል።

ወደ አውሮፓው ገበያ እንመለስ። የአይሁድ ተወላጁ መንገደኛ ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ በ965 ገደማ ከስፔን ተነሥቶ ወደ መካከለኛው አውሮፓ ሲሄድ ፕራግን አይቷል። ከተማዋ በድንጋይና በኖራ የተሠራች፣ ንግድ የደራባት እንደነበረች ጽፏል። ከዚያ ከሚጫኑት ሸቀጦች መካከል ቆርቆሮና ለምድ ይገኙበታል። ሰውም ይገኝበታል። ፕራግን እዚህ ላይ ምልክት እናድርግባት፤ እንመለስባታለን።

ከፕራግና ከኤልበ ማዶ የተነዱት ሰዎች በፈረንሳይ ምድር ተሻግረው ወደ ስፔን ይወርዱ ነበር። የክሬሞናው ሊውትፕራንድ፣ የዚያው ዘመን ጳጳስ፣ የቬርደን ነጋዴዎች ወጣቶችን እያኮላሹ በጃንደረባነት ወደ ስፔን በመሸጥ ከፍተኛ ትርፍ እንደሚያገኙ ጽፏል። በሙስሊሞች እጅ በነበረችው ኮርዶባ «ሰቃሊባ» ይሏቸዋል፤ ዐረብኛውም ያንኑ ስም ነው የወሰደው። በኸሊፋው በሳልሳዊ ዓብዱረሕማን ቤተ መንግሥት ሰቃሊባዎች በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። አንዳንዶቹ ግን ከጠባቂነት ወደ ገዢነት ወጡ። ኸሊፋነቱ ሲፈራርስ ሙጃሂድ የተባለው ሰቃሊባ የዴኒያ ከተማንና የባሌያሪክ ደሴቶችን ይዞ የራሱን መንግሥት አቆመ፤ በ1015 ደግሞ ሰርዲኒያን ሊይዝ ዘመተ። ለባሪያ የወጣው ስም ንጉሥ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዴኒያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ስላቮቹ ራሳቸው፣ የሚገርመው፣ በስማቸው የተሠራውን ቃል አልተቀበሉትም። ለባሪያ «ራብ»፣ «ሮብ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ለግዳጅ ሥራ ደግሞ «ሮቦታ»። ቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔቱ ከዚህኛው ቃል «ሮቦት»ን አውጥቶ ለዓለም ሰጠ፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ መሆኑንም አልደበቀም። ግን ወደ ፊት ሮጥን።

ፖላንድ በ966፣ የኪየቭ ሩስ በ988 ተጠመቁ። ክርስቲያን ክርስቲያንን መሸጥ የሚያሳፍር እየሆነ ሄደ፤ ቃሉ ግን ተጣብቆ ቀረ። ፈረንሳይኛው «ኤስክላቭ»፣ ስፓኝኛው «ኤስክላቮ»፣ ጀርመንኛው «ስክላቨ»፣ እንግሊዝኛው «ስሌቭ» አለ። ግሪክኛው እንኳ ጥንታዊውን «ዱሎስ» ይዞ ሳለ ለባሪያ «ስክላቮስ» የሚለውን ጨመረበት።

የእኛ ቃል ያለፈው በቬኒስ ነው። የቬኒስ ነጋዴዎች በዚህ ንግድ የገቡት ቀድመው ነው፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሮም ከተማ ውስጥ ባሪያ ገዝተው ወደ ሰሜን አፍሪካ ሊጭኑ ሲሉ ጳጳሱ ዘካርያስ ዋጋውን ከፍለው ሰዎቹን ነፃ አወጧቸው። በ840 ከንጉሠ ነገሥቱ ሎታር ጋር በተፈረመው ውል ቬኒስ የግዛቱን ክርስቲያኖች ላትሸጥ ማለች። በ960 ደግሞ የከተማዋ መሪ ዶጄ ፒየትሮ ካንዲያኖ የባሪያ ንግድን ከለከለ። ሕግ በሕግ ላይ የሚደራረበው ነገሩ ባይቆም ነው።

ለቬኒስ ስላቮች ከአድሪያቲክ ማዶ የሚኖሩ ጎረቤቶችም ነበሩ። ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ በስተምሥራቅ ባሕሩን ይዞ የሚሄደው ሰፊ ዳርቻ ዛሬም «ሪቫ ዴሊ ስክያቮኒ»፣ የስላቮች ዳርቻ ይባላል፤ የዳልማጥያ ጀልባዎች የሚታሰሩት እዚያ ነበር። በ1451 እነዚሁ የዳልማጥያ ሰዎች በከተማዋ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ካርፓቾ የተባለው ሠዓሊም የማኅበሩን ቤት በቅዱስ ጊዮርጊስና በዘንዶው ሥዕል አስጌጠላቸው። ባለ ሀብቱም መርከበኛውም ባሪያውም በአንድ ሥር ቃል የሚጠሩባት ከተማ ነበረች።

እዚህ ላይ ያቺ «ክ» ተመልሳ ትመጣለች። ላቲን «ክል» ያለውን የጣሊያን አፍ «ኪ» አለው፤ የቬኒስ አፍ ግን «ቻ»፣ «ቼ» አደረገው። ቁልፍ በላቲን «ክላቪስ» ነው፤ በፍሎረንስ «ኪያቬ»፣ በቬኒስ «ቻቬ» ሆነ። በዚሁ ሕግ «ስክላቩስ» ፍሎረንስ ላይ «ስክያቮ»፣ ቬኒስ ላይ «ስቻቮ» ሆነ። የላቲን ፊደል ይህን ድምፅ ለመጻፍ ይቸገራል፤ ሦስቱን ፊደላት አጣምሮ ቢጽፋቸው ጣሊያኑ «ሺ» ብሎ ያነባቸዋልና በመካከል ሰረዝ ማስገባት ግድ ሆኗል። የእኛ ፊደል ግን ያለ ምንም ሰረዝ «ስቻ» ብሎ ያልፈዋል።

ገበያው ሲከስም ሌላ ይከፈታል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጄኖቫውያን በክራይሚያዋ ካፋ፣ ቬኒሳውያን ደግሞ ዶን ወንዝ አፍ ላይ ባለችው ጣና ከጥቁር ባሕር ዙሪያ ታታሮችን፣ ቼርኬሶችንና ሩሲያውያንን ይጭኑ ነበር። በ1348 የገባው ታላቁ ወረርሽኝ የሠራተኛ ያለህ ሲያሰኝ ፍሎረንስ በ1363 ካቶሊክ ያልሆነ ባሪያ ከውጭ እንዲገባ በሕግ ፈቀደች። በ1416 ዱብሮቭኒክ፣ ራሷ የስላቮች አገር ወደብ፣ ንግዱን በግዛቷ ከለከለች። በነሐሴ 1444 ግን ደቡብ ፖርቱጋል ውስጥ ላጎሽ በምትባል ወደብ 235 ሰዎች ከመርከብ ወርደው ተከፋፈሉ። የታሪክ ጸሐፊው ዙራራ ቤተሰብ እንደተለያየ፣ እናት ልጇን ሙጥኝ እንዳለች ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ከአፍሪካ የመጡ ነበሩ፤ እንዲህ ላለው ሰው በፖርቱጋልኛ የጸናው ስምም «ኤስክራቮ» ነው። ከዳኑብ ማዶ የተነሣው የሕዝብ ስም በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ስላቭ አይቶ በማያውቅ ሰው አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ቬኒስ ውስጥ ደግሞ ይኸው ቃል በሌላ በር ገብቶ ሳሎን ተቀምጦ ነበር።

ጨዋ ሰው ጨዋ ሰውን ሲያገኝና ሲለየው «ስቻቮ ቮስትሮ» ይለዋል፤ «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነው። የሚለው ሰው ባሪያ አይደለም፤ ባሪያ አሳዳሪ ሊሆን ይችላል። የዘመኑ አውሮፓ በሙሉ በዚህ ዓይነት ትሕትና የሰከረ ነበር። እንግሊዙ ደብዳቤውን «እጅግ ትሑትና ታዛዥ አገልጋይዎ» ብሎ ይዘጋዋል፤ በተጣላው ሰው ላይ እንኳ ስድቡን ጽፎ ሲያበቃ እንዲሁ ነው የሚፈርመው። በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ «ሴርቩስ» ይባባላሉ፤ ያ የሮማውያን ባሪያ ሰላምታ ሆኖ ተነሣ። ሀንጋሪዎች «ሴርቩስ»ን ወስደው እየቆራረጡ ዛሬ «ሲያ» አድርሰውታል። ስዊድኖች «ቼናሬ»፣ አገልጋይ፣ ከሚለው ቃል «ቼና» አውጥተው ሰላም ይባባሉበታል። በእኛም አገር ደብዳቤ «አሽከርዎ» ተብሎ ይፈረም ነበር፤ «ገብረ» ብሎ የሚጀምረው ስም ሁሉ ያው ነው፣ ጌታው ሰማይ ላይ መሆኑ ብቻ ይለየዋል።

የቬኒሱ ጸሐፌ ተውኔት ካርሎ ጎልዶኒ በ1753 ለመድረክ ባበቃው «ላ ሎካንዲዬራ» ውስጥ ይህ «ባሪያ ነኝ» የሚለው ሰላምታ በባላባቶች አፍ ይሰማል። በዚያን ጊዜ የሚለው ሰው ትርጉሙን ማሰብ ትቷል። ሰው የማያስበውን ቃል ደግሞ ይቆርጠዋል። «ቮስትሮ» መጀመሪያ ወደቀ። ከዚያ በሁለት አናባቢ መካከል የነበረችው «ቭ» ሟሟች፤ «ስቻቮ» «ስቻኦ» ሆነ። በመጨረሻም ከፊት ያለችው «ስ» ተነነች።

ቻኦ።

ቆም ብለን የቀረውን እንቁጠር። ከስላቮቹ የራሳቸው ስም «ስ» ሄዳለች፣ «ል» ቀልጣለች፣ «ቭ» ጠፍታለች። መሐል ላይ የቆመችው «ቻ» የዚያች የግሪኮች «ክ» ልጅ ናት፤ ለምላስ ምቾት ስትባል ከውጭ የገባችው እንግዳ ቤቱን ወረሰችው። በሎምባርድያ ገጠር አሮጌው «ስቻኦ» ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ «በቃ፣ ምን ይደረግ» ሆኗል።

በ1797 ናፖሊዮን የቬኒስን ሪፐብሊክ አፈረሰ፤ ከ1815 በኋላ ቬኒስና ሚላኖ በአንድ የኦስትሪያ ግዛት ሥር ሆኑ። ቃሉም ወደ ምዕራብ ተሻገረ። በ1818 ቶስካናዊው ጸሐፌ ተውኔት ፍራንቼስኮ ቤኔዴቲ ሚላኖ ሆኖ በጻፈው ደብዳቤ የከተማዋ ሰዎች በስሙ ማቆላመጫ ላይ «ቻው» እየጨመሩ ሰላም ይሉት እንደጀመሩ ይናገራል። ደስ ብሎታል፤ ባዕድነቱ እየቀረ መሆኑን ከዚህች ቃል ዐውቋል። በአጋጣሚ የጻፋት በ«ኡ» ጨርሶ ነው፤ እኛ እንደምንላት። አየርላንዳዊቷ ደራሲ ሌዲ ሞርጋንም በዚያው ሰሞን በላ ስካላ ቴአትር ሰዎች ከሎጅ ሎጅ እየተዘዋወሩ በዚህ ቃል ሲጠያየቁ ሰምታለች። ዳንቴ የጻፈበት የቶስካና ጣሊያንኛ ግን ቃሉን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የስደተኞች ታሪክ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያኖች ወደ ቦነስ አይረስና ወደ ሳኦ ፓውሎ ተሳፈሩ። የአርጀንቲና ስፓኝኛ «ቻው»ን፣ የብራዚል ፖርቱጋልኛም «ቻው»ን ከእነሱ ወረሰ፤ ሁለቱም ለስንብት ብቻ። አሜሪካዊው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1918 የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ጣሊያን ውስጥ ቆስሎ ሚላኖ ሆስፒታል ተኛ፤ በ1929 ስለዚያ ጦርነት ያሳተመው ልብ ወለድ ቃሉን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ካስተዋወቁት ቀዳሚ መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

ወደ እኛ የመጣው በሰላም አይደለም። ኤርትራ ከ1890 እስከ 1941 የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1936 እስከ 1941፣ በእኛ ከ1928 እስከ 1933፣ በወራሪው እጅ ነበረች። ወራሪው ሲወጣ ጎማውና ፋብሪካው፣ ፓስታውና ማኪያቶው ስማቸውን ትተው ቀሩ፤ በትግርኛም በአማርኛም «ቻው» ቀረ። አማርኛ ሲሰናበት ሰውየውን መለየት አለበት፦ ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁኑ፣ ደህና ይሁኑ። «ቻው» ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ስልክ ላይ «እሺ በቃ ቻው» ተብሎ ይዘጋል፤ ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ እጁን ይዘው «ቻው ቻው በል» ይሉታል። ነገር ግን ማንም ደንበኛ ልጅ ለነፍስ አባቱ «ቻው» አይልም። ጣሊያንም ለማያውቀው ሽማግሌ አይልም። «ባሪያዎ ነኝ» የነበረው ቃል ዛሬ ለታላቅ ሰው ቢናገሩት ድፍረት የሚሆን ቃል ነው።

ታኅሣሥ 1955 ጣሊያንና ምዕራብ ጀርመን የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ፈረሙ፤ ባቡሮቹ ወደ ሰሜን ጎረፉ። ዘፈኑም ተከተለ፦ በ1959 ዶሜኒኮ ሞዱኞ የሳንሬሞን ውድድር ያሸነፈበት ዘፈን ዓለም የሚያውቀው በትክክለኛ ርእሱ ሳይሆን «ቻኦ ቻኦ ባምቢና» በሚለው ነው። የጣሊያኑ ፋብሪካ ፒያጆ በ1967 ባወጣው ትንሽ ሞተር ሳይክል ላይ «ቻኦ» ብሎ ጻፈበት፤ እስከ 2006 ተመረተ። በ1990ው የዓለም ዋንጫ ደግሞ ጭንቅላቱ ኳስ፣ ገላው የጣሊያን ባንዲራ ቀለም ያላቸው ቁርጥራጮች የሆነው የውድድሩ መለያ ምስል ስሙ «ቻኦ» ነበር። ፈረንሳዮች «ቻኦ»ን ሲሄዱ ብቻ ይሉታል፤ የስዊስ ጀርመኖች ሲገቡም ሲወጡም። ጀርመኖች «ቹስ» የሚሉትን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ፤ እሱ ግን «አድዩ» ከሚለው የመጣ፣ እግዚአብሔርን የሚጠራ ሌላ ቃል ነው።

በመጋቢት 2016 የብራዚል ፍርድ ቤት ይፋ ባደረገው የስልክ ቅጂ ላይ ያኔ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሉላ ከጊዜው ፕሬዚዳንት ከዲልማ ሩሴፍ ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው «ቻው፣ የኔ ውድ» ብለው ይሰናበቷታል። ተቃዋሚዎች ይህቺኑ የፍቅር ቃል ነጥቀው ካርቶን ላይ ጽፈው ምክር ቤት ይዘዋት ገቡ፤ ዲልማ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደች።

በዚህ ሁሉ መካከል ቃሉ ጸጥ ብሎ የገባበት አንድ ሰፈር አለ። ሰርቦች «ቻኦ» ይላሉ፤ ቡልጋሮች «ቻኦ» ይላሉ፤ ስሎቬኖች፣ ስማቸው ከድሮው «ስሎቬኔ» የወጣው፣ «ቻው» ይላሉ። የቼኩ ፖለቲከኛ አንድሬይ ባቢሽ ለደጋፊዎቹ የሚያቀርበው ሳምንታዊ ቪዲዮ መጠሪያው «ቻው ሊዲ» ነው፤ «ቻው፣ ሰዎች» እንደ ማለት። ስሎቫኮችና ቼኮች ደግሞ እንደ እኛ እንደመጣ አልተዉትም። በእነሱ ቋንቋ ብዙ ሰው ሲያዙ ወይም ሲያነጋግሩ በግሡ ጫፍ ላይ «ቴ» ይጨመራል፤ ይህችን ጫፍ ወስደው ቃሉ ላይ ሰኩባት። ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ የሰው ንግድ ባየባት ፕራግ ዛሬ አንድ ተማሪ ከካፌ ተነሥቶ ቦርሳውን እያንጠለጠለ ለጓደኞቹ «ቻውቴ!» ብሎ ይወጣል።